ምዕራፍ 7፦ ቧንቧውን የሚያጠብበው አፈሩ አይደለም

ከቢቸና ወደ ሞጣ ሲኬድ በስተግራ የጮቄ ተራራ፣ በስተቀኝ የዓባይ ሸለቆ ይገኛል። ጮቄ ዛሬ የገብስና የውርጭ አገር፣ የብዙ ወንዞች መነሻ ነው፤ ከ20 ሚሊዮን ዓመት በፊት ግን እሳተ ገሞራ ነበር። ከእርሱ የፈሰሰው ቅልጥ ዐለት ቀዘቀዘ፣ በዝናብና በፀሐይ ተሰባብሮ ደቀቀ፣ ውሎ አድሮም የምሥራቅ ጎጃም ገበሬ ዛሬ የሚያርሰው ቀይና ጥቁር ሸክላ አፈር ሆነ። ጤፉን የሚያበቅለው ይህ አፈር ነው። በጫማ ባልተሸፈነ እግር ላይ ዝሆኔ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣውም ይኸው አፈር እንደሆነ የጤና ባለሙያዎች ያስተምራሉ፤ ልክም ናቸው። ይሁን እንጂ «አፈሩ እግርን ያሳብጣል» የሚለው አነጋገር የነገሩን ግማሽ ብቻ ይዟል። የቀረው ግማሽ፣ ማለትም አፈሩ ቆዳን አልፎ ከገባ በኋላ ሰውነት በራሱ ላይ የሚሠራው ሥራ፣ በሽታው ለምን አንዱን ይዞ ሌላውን እንደሚተው፣ ለምን ዓመት በዓመት እንደሚብስና የትኛው ሕክምና እንደሚሠራ ይነግረናል። እግሩን የሚያሳብጡት የጠበቡ ቧንቧዎች ናቸው፤ ቧንቧዎቹን የሚያጠብባቸው ደግሞ በዋናነት የሰውነት የራሱ የመከላከያ ምላሽ ነው። የዚህ ምዕራፍ ክርክር ይህ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቧንቧዎቹ። ደም በሰውነት ሲዘዋወር ከቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ውኃና ፕሮቲን በትንሽ በትንሹ እየወጣ በሥጋው መካከል ይቀራል። ይህ ፈሳሽ ወደ ደም ካልተመለሰ ሥጋው ያብጣል። የሚመልሱት የሊምፍ ቧንቧዎች ናቸው፤ ከእግር ጣት ተነሥተው፣ በባትና በጭን አልፈው፣ ብሽሽት ላይ ካሉት የሊምፍ ዕጢዎች ይደርሳሉ። ግድግዳቸው ከደም ሥር ይልቅ የሳሳ ነው። ፈሳሹን ብቻ ሳይሆን በቆዳ ስንጥቅ የገባን ባዕድ ነገርና እርሱን የዋጡ ነጭ የደም ሕዋሳትንም ይሸከማሉ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የጤፍ ማሳ ጭቃ ውስጥ በባዶ እግሩ ውሎ የሚገባ ገበሬ በተሰነጠቀ ተረከዙ በኩል በዓይን የማይታዩ የሸክላ ቅንጣቶች ወደ ውስጥ ይገቡበታል። ከሲሊኮን፣ ከአሉሚኒየም፣ ከብረት የተሠሩ የማዕድን ብናኞች ናቸው። ሰውነት ሊያሟሟቸው አይችልም፤ ሊያደርግ የሚችለው ማክሮፌጅ በሚባሉት ዋጭ ሕዋሳት አስውጦ በሊምፍ ቧንቧ በኩል ወደ ዕጢዎቹ መላክ ነው።

ይህን ነገር አስተውሎ የመረመረው በኢትዮጵያ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ያክም የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በባዶ እግራቸው ከሚሄዱ ሰዎች ብሽሽት የተወሰዱ የሊምፍ ዕጢዎችን በአጉሊ መነጽር ሲመለከቱ እርሱና ባልደረቦቹ በማክሮፌጆቹ ሆድ ውስጥ የሸክላ ማዕድን አገኙ። ለበሽታው ፖዶኮኒዮሲስ የሚል ስም ሰጠው፤ እግርንና አቧራን የሚያመለክቱ ሁለት የግሪክ ቃላት ጥምር ነው። ከዚሁ ጋር የሊምፍ ቧንቧዎቹን ግድግዳ መረመረ። ከውስጠኛው ሽፋን ሥር መጀመሪያ ውኃ ይቋጥራል፤ ቀጥሎ በውኃው ቦታ ኮላጅን የሚባል የጠባሳ ክር ይከማቻል፤ የቧንቧው ቀዳዳ እየጠበበ ይሄድና በመጨረሻ ይደፈናል። ከዚያ ወዲያ ፈሳሹ መመለሻ ስለሌለው እግር ውስጥ ይቀራል።

ከዚህ ምርምር ሁሉ ክብደት ያለው ግን ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ ውጤት ነው። ማዕድኖቹ የተገኙት በሕሙማኑ ዕጢ ውስጥ ብቻ አልነበረም፤ በዚያው አፈር ላይ በባዶ እግራቸው እየኖሩ ምንም እብጠት በሌላቸው ሰዎች ዕጢ ውስጥም ተገኝተዋል። በመስኖ ቦይ ውስጥ ደለል ሲሞላ ውኃው እንደሚቆም ሁሉ አፈር የሊምፉን ቧንቧ ሞልቶ ቢደፍነው ኖሮ፣ አፈር በዕጢው ያለበት ሰው ሁሉ እግሩ ሊያብጥ በተገባ ነበር። አላበጠም። እንግዲህ ቧንቧው እንደ ቦዩ አይደለም፤ ግድግዳው ሕይወት አለው፣ የጎዳውን ነገር ይሰማል፣ ለሰማው መልስ ይሰጣል። የጠበበውም ግድግዳው ራሱ ወደ ውስጥ ወፍሮ ነው።

የአካባቢው አኃዝ ከዚህ ጋር ይስማማል። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመውና በምሥራቅ ጎጃም ደብረ ኤልያስ፣ በምዕራብ ጎጃም ደግሞ ደምበጫ ወረዳ የተካሄደው ጥናት በ20 ቀበሌዎች ያሉትን 17,553 ቤቶች ሁሉ አዳርሶ ነበር። ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት መካከል በበሽታው የተያዙት 3.3 በመቶ ሆነው ተገኙ። ቁጥሩ ትልቅ ነው፤ ከመቶ ሰው ሦስት ማለት ከእያንዳንዱ መንደር የሚታወቁ፣ ስማቸው የሚጠራ ሰዎች ማለት ነው። ነገር ግን በዚያው ጭቃ በባዶ እግራቸው ያደጉ፣ በዚያው ማሳ የዋሉ፣ ጫማ ማድረግ የጀመሩት ለአቅመ አዳም ከደረሱ በኋላ የሆነ ሌሎች ብዙ ሰዎች እግራቸው ጤነኛ ነው። ልዩነቱን የፈጠረው ምንድን ነው? በሽታው በቤተሰብ መካከል እንደሚደጋገም ቀድሞም ይታወቅ ነበር። በዚያው 2012 ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ ወላይታ ውስጥ ያሉ ሕሙማንንና ጤነኞችን ዘረ መል አነጻጽረው ልዩነቱ የሚገኝበትን ሥፍራ አመለከቱ። ሥፍራው ኤች ኤል ኤ በሚባለው የዘረ መል ክፍል ውስጥ ነው። ይህ ክፍል የሚሠራቸው ሞለኪውሎች ሥራቸው አንድ ነው፦ ወደ ሰውነት የገባን ባዕድ ነገር ቲ ለሚባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ማሳየት። እንግዲህ በሽተኛውን ከጤነኛው የለየው የቆዳውን ውፍረት ወይም የደም ሥሩን ስፋት የሚወስን ዘረ መል ሆኖ አልተገኘም፤ የማንቂያውን ደወል ፍጥነት የሚወስን ዘረ መል ነው። ለእኔ ከዚህ የጠነከረ ማስረጃ የለም።

ዝሆኔን ትንኝ ታመጣዋለች የሚል ሰው ሊኖር ይችላል፤ በሌላ አገርና በኢትዮጵያ ቆላማ ክፍል በትንኝ የሚተላለፍ ጥገኛ ትል የሚያስከትለው ተመሳሳይ እብጠት ስላለ ጥያቄው ተገቢ ነው። ቢቸናና ሞጣ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ ትሉ በዚህ ከፍታ አይተላለፍም። የትሉ እብጠት ብዙ ጊዜ ከላይ ከብሽሽት ይጀምራል፤ የአፈሩ ግን ከእግር ጫፍ ተነሥቶ ወደ ጉልበት ይወጣል።

ሰውነት በራሱ ምላሽ ቧንቧውን እንዴት ሊያጠብብ እንደሚችል በደንብ ተጠንቶ የሚገኘው ከጎጃም ገጠር በእጅጉ በራቀ ሥፍራ፣ በልብ ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ክሊቭላንድ ይሠራ የነበረው አርጀንቲናዊ ሐኪም ሬኔ ፋቫሎሮ፣ ቀደም ሲል በአገሩ ገጠር 12 ዓመት ያከመ ሰው፣ ከታማሚ እግር ላይ ደም መልስ ወስዶ የተዘጋውን የልብ ደም ቅዳ የሚያሻግር አዲስ መንገድ አድርጎ መጠቀም ጀመረ። ዘዴው የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል። ሆኖም የተተከለው ደም መልስ ዕድሜው ውሱን ሆነ፤ ከ10 ዓመት በኋላ ከእነዚህ ቧንቧዎች ግማሽ ያህሉ ተዘግተው ወይም ክፉኛ ጠብበው ይገኛሉ። ከደረት ግድግዳ የሚወሰደው ደም ቅዳ ግን በዚያው ጊዜ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ሆኖ ይቆያል።

የመጥበቡ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። እግር ላይ ሳለ በዝቅተኛ ግፊት የኖረው ደም መልስ በአንድ ቀን ውስጥ አሥር እጥፍ የሚሆን የደም ቅዳ ግፊት ይወርድበታል። ሲነቀልና ሲያዝም ይጎዳል። የውስጠኛው ሽፋኑ ሕዋሳት ጉዳቱን ሲያዩ በውስጣቸው ኤን ኤፍ ካፓ ቢ የሚባል መቀያየሪያ ይበራል፤ ይህ የብግነትን ዘረ መሎች የሚቀሰቅስ ፕሮቲን ነው። ሽፋኑ የሚያልፉትን ነጭ የደም ሕዋሳት የሚይዝ ተለጣፊ ሞለኪውል ያወጣል፤ ኤም ሲ ፒ 1 የሚባል መጥሪያም ይለቃል። ተጠርተው የመጡት ማክሮፌጆች በተራቸው ኢንተርሉኪን 1ንና ቲ ኤን ኤፍ አልፋን ይረጫሉ። የእነዚህ መልእክት የደረሳቸው በግድግዳው መካከለኛ ክፍል ያሉ የጡንቻ ሕዋሳት ሥራቸውን ትተው ወደ ውስጥ ይሰደዳሉ፣ ይራባሉ፣ ኮላጅን ያነጥፋሉ። ግድግዳው ወደ ውስጥ ይወፍራል፤ የደሙ መንገድ ይጠባል። ፕራይስ በሊምፍ ቧንቧ ላይ ያየው ቅደም ተከተል፣ ጉዳት፣ ከሽፋኑ ሥር ማበጥ፣ ከዚያ የኮላጅን ክምችት፣ በመጨረሻም መደፈን፣ ከዚህ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ «ሁለቱ ልዩ ልዩ ቧንቧዎች ናቸው፤ አንዱን የጎዳው ግፊት፣ ሌላውን ማዕድን ነው፤ ምን አገናኛቸው?» ሊል ይችላል። እውነት ነው፣ የሊምፍ ቧንቧ ከደም መልስ ይልቅ ጡንቻው ያነሰ ነው፤ የሚመጣበት ጉዳትም በአንድ ቀን ሳይሆን በየዕለቱ በትንሽ በትንሹ ነው። ክርክሬም ሁለቱ በሽታዎች አንድ ናቸው የሚል አይደለም። የሚጠብቡበት ሥርዓት ግን የጋራ መሠረት አለው፤ ምክንያቱም በየትኛውም የሰውነት ክፍል የቧንቧ ሽፋን ለጉዳት የሚሰጠው ምላሽ በእነዚሁ መልእክተኞች በኩል ነው። ስለዚህ አንዱ ላይ የተገኘ ትምህርት ሌላውን ለማሰብ ይረዳል። ከልቡ ቀዶ ሕክምና የተገኘው ትምህርት ደግሞ ለገጠር እግር ትልቅ ዋጋ አለው።

ትምህርቱ የመጣው ከአንድ ትልቅ ውድቀትና ከአንድ ቀላል ስኬት ነው። ውድቀቱ በ2005 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ፕሪቬንት 4 የተባለው ሙከራ ነው። ተመራማሪዎቹ የጡንቻ ሕዋሳት እንዳይራቡ የሚከለክል መድኃኒት ውስጥ ደም መልሱን ነክረው ከ3,000 በሚበልጡ ታማሚዎች ላይ ሞከሩት። ሐሳቡ ምክንያታዊ ነበር፤ ቧንቧው የሚጠበው ሕዋሳት ስለሚራቡ ከሆነ መራባቱን ማቆም ይበቃል ተብሎ ታሰበ። አልበቃም፤ መድኃኒት ያገኘውና ያላገኘው እኩል ጠበበ። በእኔ ግምት ምክንያቱ መራባቱ የመጨረሻው እርምጃ መሆኑ ነው። ጥሪው ከተላለፈ፣ ጠሪውም አሁንም እየጮኸ ከሆነ፣ አንዱን መንገድ መዝጋት ሌላውን አይዘጋም። ስኬቱ የመጣው ከስዊድን ኦሬብሮ ነው። በዚያ ያሉ ሐኪሞች ደም መልሱን ሲነቅሉ ዙሪያውን ከሸፈነው ስብ ጋር፣ ሳይገፍፉትና በኃይል ሳይነፉት አወጡት። ሌላ ምንም አልጨመሩም። ከ16 ዓመት በኋላ በዚህ መንገድ ከተወሰዱት ቧንቧዎች 83 በመቶ፣ በተለመደው መንገድ ከተወሰዱት ደግሞ 64 በመቶ ክፍት ነበሩ። ደወሉ ከተደወለ በኋላ ለማፈን ከመታገል ይልቅ የመጀመሪያውን ጉዳት መከልከል በለጠ። በልብ ቀዶ ሕክምና ይህ የሐኪም እጅ ጥንቃቄ ነው። በጎጃም ገጠር ይህ ጫማ ነው፤ ከእግር ጣት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን፣ ከካልሲ ጋር የሚደረግ ጫማ። ሸበጥና በረባሶ ድንጋይና እሾህ ይከላከላሉ እንጂ ጭቃ አይከላከሉም።

«ጥፋተኛው የሰውነት ምላሽ ከሆነ ምላሹን የሚያረጋጋ መድኃኒት ለምን አይሰጥም?» የሚለው ጥያቄ በቁም ነገር ሊመለስ ይገባል። እንዲህ ያለ መድኃኒት አለ። በ2017 እ.ኤ.አ. ካንቶስ የተባለ ከ10,000 በላይ ሰዎች የተካፈሉበት ሙከራ ኢንተርሉኪን 1 ቤታን የሚያግድ ካናኪኑማብ የተባለ መርፌ የድንገተኛ የልብ ሕመምና የስትሮክ አደጋን በጥቅሉ በ15 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ብግነት ራሱ ቧንቧን እንደሚጎዳ ከዚህ የበለጠ ቀጥተኛ ማረጋገጫ በሰው ላይ አልተገኘም ማለት ይቻላል። ነገር ግን መርፌውን ከወሰዱት መካከል በኢንፌክሽን የሞቱት በዙ። ዋጋውም የገጠር ጤና ጣቢያ የሚያስበው አይደለም። በዝሆኔ ያበጠ እግር ደግሞ ቆዳው ተሰንጥቆ፣ በጣቶቹ መካከል ረጥቦ፣ ለባክቴሪያ በር የሆነ እግር ነው፤ በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ከተጠየቁት ሕሙማን ከግማሽ በላይ ክፍት ቁስል ነበራቸው። እንዲህ ባለ እግር ላይ መከላከያን ማዳከም ጠላት በር ላይ ቆሞ ዘበኛን ማሰናበት ይሆናል። ቀስቃሹን በውኃና በሳሙና ማስወገድ፣ ቆዳውን ዘግቶ መጠበቅ፣ ደወሉ የሚደወልበትን ምክንያት ያሳጣል፤ የመከላከያውን ኃይል ግን አይነካም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ከላቦራቶሪ ሳይሆን ከሽማግሌዎች ሸንጎና ከጋብቻ ድርድር የሚመጣ ነው። «ነገሩ በዘር ከሆነ ድሮም የዘር በሽታ ነው ስንል ልክ ነበርን፤ ከዚያ ቤት አንጋባም» የሚል ሰው የሳይንሱን ውጤት ለማግለያ ሊጠቀምበት ይችላል። ፍጹም ስሕተት ነው። የዘር ተጋላጭነት ማለት በሽታው ተወልዷል ማለት አይደለም። የሚወረሰው ደወሉ የሚደወልበት ፍጥነት ነው፤ ደወሉን የሚደውለው ግን አፈሩ ነው፤ አፈሩ ካልገባ ፈጣኑም ዘገምተኛውም ደወል ዝም ይላል። ከዝሆኔ ቤተሰብ የተወለደች ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጫማ ካደረገች እግሯ አያብጥም። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በመንካት፣ አብሮ በመብላት፣ አብሮ በመተኛት አይያዝም። በቤተሰብ ውስጥ አንድ ሰው ካለ ትክክለኛው ምላሽ ልጆቹን ማግለል ሳይሆን ከሌላው ልጅ ቀድሞ ጫማ መግዛት ነው። በ2012 በታተመው የጎጃም ጥናት ሕሙማኑ መጀመሪያ ጫማ ያደረጉበት ዕድሜ መካከለኛው 22 ዓመት ነበር፤ በሽታው ብዙውን ጊዜ ከዚያ በፊት ይጀምራል። በጥናቱ ወቅትም ከመካከላቸው 23.6 በመቶው በባዶ እግራቸው ነበሩ፤ ከእነዚህ ሁለት ሦስተኛው ያህል ሴቶች ናቸው። በአንድ ቤት ጫማ የሚገዛው በቅድሚያ ለማን እንደሆነ ይህ ቁጥር ይናገራል፤ መለወጥ ያለበት ነገር ነው።

ሦስተኛው «እግሩ አብጧል፣ ቧንቧው ተደፍኗል፤ ከእንግዲህ ማጠቡ ምን ይፈይዳል?» የሚለው ነው። የተደፈነ ቧንቧ መልሶ አይከፈትም፤ ይህን መካድ ሕሙማኑን ማታለል ነው። ሆኖም አንድ እግር ውስጥ ብዙ ቧንቧዎች አሉ፤ የተደፈኑ፣ የጠበቡና ገና ያልተነኩ። በየጊዜው እግሩ በድንገት ሲግል፣ ሲቀላ፣ ሰውየውን ሲያንቀጠቅጠውና ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት ሲወጣ ብዙ ሰው «ምች መታኝ» ይላል። ሐኪሞች ይህን አጣዳፊ የሊምፍ ብግነት ይሉታል። ባክቴሪያ በተሰነጠቀው ቆዳ ገብቶ ያስነሣዋል፤ እያንዳንዱ ጥቃት ደግሞ ለተረፉት ቧንቧዎች አዲስ የብግነት ዙር ነው፤ ካለፈም በኋላ እግሩ ከቀድሞው ጥቂት ወፍሮ ይቀራል። በደብረ ኤልያስና በደምበጫ አንድ ታማሚ በአማካይ በዓመት አምስት ጊዜ ያህል ይጠቃ፣ 90 ቀንም ሥራ የሚያስፈታ ሕመም ላይ ይውል ነበር። ጥቃቱን መቀነስ መጥበቡን ማዘግየት ነው። በምሥራቅ ጎጃም ውስጥ 696 ሕሙማን የተካፈሉበትና ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው ሙከራ ጥቃቱን መቀነስ እንደሚቻል አረጋግጧል። ግማሾቹ እግራቸውን በየዕለቱ በሳሙናና በውኃ እንዲያጥቡ፣ ቅባት እንዲቀቡ፣ እንዲጠቀልሉ፣ እንዲያንቀሳቅሱ ተምረው ካልሲና ጫማ ተሰጣቸው፤ ግማሾቹ ሕክምናውን ያገኙት ከዓመት በኋላ ነው። ጥቃቱን ሕሙማኑ በየጊዜው እየመዘገቡ ስለተቆጠረ ቁጥሩ በቃለ መጠይቅ ከሚገኘው በእጅጉ ይበልጣል፦ በሕክምናው ክፍል በዓመት ለአንድ ሰው 19.4፣ በመጠባበቂያው 23.9። ከአምስት ጥቃት አንዱ ገደማ ቀረ ማለት ነው። ተአምር አይደለም፤ ግን ይህን ያደረገው ሳሙና፣ ቅባት፣ ጨርቅና ጫማ ነው፤ በየትኛውም ገበያ የሚገኙ ነገሮች።

በ2011 እ.ኤ.አ. የዓለም የጤና ድርጅት ይህን በሽታ ችላ ከተባሉት የሞቃት አገር በሽታዎች ጋር መዝግቦታል፤ በኢትዮጵያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው እንደያዘ ይገመታል። በአንድ አገር ይህን ያህል ሰው ያሳመመ፣ ቀስቃሹ የታወቀ፣ የሚከለክለውም ዕቃ የታወቀ ሌላ በሽታ ለማግኘት ያስቸግራል። በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ፣ በእነማይና በሁለት እጁ እነሴ ወረዳዎች ያላችሁ ወላጆችና መምህራን፦ የልጁ እግር አናት ማታ ማታ ቢያሳክከው፣ ቢያቃጥለው፣ ጠዋት ጠፍቶ ማታ የሚመለስ ትንሽ እብጠት ቢታይበት «ያልፋል» አትበሉ፤ ቧንቧው ገና በመጥበብ ላይ ያለበት፣ ሊተርፍ የሚችልበት ጊዜ ይህ ነውና ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። በዚያው ምሽት እግሩን በሳሙና እጠቡለት፤ በማግሥቱ ዝግ ጫማ ግዙለት።